የዕጣን ፈቃድ፦ ወረቀቱ ብቻውን ምን ይሠራል?

ከመተማና ከቋራ ቆላ የሚወጣው ዕጣን ከቡና ሥርዓታችን አልፎ ውጭ አገር ድረስ ይሸጣል። ደኑ አጠገብ የሚኖረው ሰውስ ምን ያገኛል? ዛሬ የፈቃዱን ነገር በቀላሉ እናያለን።

አብዛኛው የዕጣን ደን በመንግሥት እጅ ነው፤ ያለ ፈቃድ ማምረት አይቻልም። ለረጅም ጊዜ ሥራውን የያዙት በዋናነት የመንግሥት ድርጅትና አቅም ያላቸው ኩባንያዎች ነበሩ። ዛፉን ከሚያደሙት ብዙዎቹም ከሌላ አካባቢ ለወቅቱ የሚመጡ ሠራተኞች ናቸው።

የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከመንግሥትና ከግል ደን ሌላ የማኅበረሰብና የማኅበራት ደንንም ያውቃል። ስለዚህ ተደራጅቶ ለመጠየቅ ሕጋዊ መሠረት አለ።

ችግሩ ከፈቃዱ በኋላ ነው። ዕጣን የበጋ ሥራ ነው። ዛፉ ይጫራል፣ የደረቀው ይለቀማል፣ እንደገና ይጫራል። ዕጣኑ እስኪሸጥ ድረስ ግን ሠራተኛው ቀለብ፣ ውሃና ክፍያ ይፈልጋል። ከዚያ በጠጠሩ ትልቀትና በንጣቱ ይለያል፤ ዋጋውን የሚወስነው ደረጃው ነው። ገንዘብና መጋዘን የሌለው ማኅበር ሳይለይ በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳል።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። እኛ ጋ የተከለከለው ካናቢስ በአሜሪካዋ ኒውዮርክ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ሲፈቀድ፣ ሕጉ ከፈቃዶቹ ግማሹ በክልከላው ክፉኛ ለተጎዱ አካባቢዎች ሰዎች፣ ለሴቶች፣ ለተቸገሩ ገበሬዎችና መሰል ወገኖች እንዲደርስ ግብ አስቀመጠ። እዚያም ቢሆን ፈቃድ አግኝተው ሱቅ መክፈቻ ገንዘብ ያጡ፣ በብድር የተጨነቁ ጥቂት አይደሉም።

የእኛን የሚያከብደው ዛፉ ራሱ አደጋ ላይ መሆኑ ነው። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት፣ እሳት፣ ልቅ ግጦሽና ከልክ ያለፈ ማድማት ካልቆሙ የዚህ ዛፍ ዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ገምቷል። በአጭር ጊዜ ፈቃድ የገባ ሰው ነገ ተመልሶ ስለማይመጣ ዛፉን አያሳርፍም። ልጁ እዚሁ የሚያድግ ገበሬ ግን የሚያሳርፍበት ምክንያት አለው።

ስለዚህ ማኅበር ለመመሥረት ያሰባችሁ ወገኖቻችን፣ ፈቃዱን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። አራት ነገር ጠይቁ፦

✔ ፈቃዱ ለስንት ዓመት ነው?
✔ ከበጋው በፊት የሚደርስ ብድር አለ?
✔ ዕጣኑ የት ይለያል፣ የት ይከማቻል?
✔ አንድ ዛፍ ስንት ቦታ ይጫራል፣ መቼስ ያርፋል?

ለነዚህ መልስ ከሌለ ትርፉ ዞሮ ዞሮ ገንዘብ ላለው ነው የሚሄደው።