የፍም ቀን፣ የቀን ቁጥር

በአማራ ክልል ያለውን የአዊ ዞን ለሚያውቅ ሰው ስለ ሰደድ እሳት ማውራት ያለ ቦታው የተነሳ ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። የዞኑ ከተማ እንጅባራ ዝናብ የጠገበች አገር ናት። ያ ዝናብ ግን በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ወርዶ ያበቃል፤ ያበቀለው ሣር ከኅዳር ጀምሮ እየደረቀ እስከ መጋቢት ቆሞ ይከርማል። ክረምቱ በበረታ ቁጥር የበጋው ማገዶ ይበዛል። ስለዚህ የእሳትን አደጋ ከአየር ጠባይ መረጃ የሚያሰላ ፕሮግራም ለአዊም ያስፈልጋል ባይ ነኝ።

ስሌቱ አያስፈራም። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የምትጠቀምበትና ሌሎች አገሮችም የወሰዱት ዘዴ በየቀኑ የሚጠይቀው አራት ነገር ነው፦ የቀትር ሙቀት፣ የአየሩ እርጥበት፣ የነፋስ ፍጥነትና ያለፉት 24 ሰዓታት ዝናብ። ከዚያ መሬቱን በሦስት ድርብ ያየዋል። ላይ ያለው ሣርና ደቃቅ ቅጠል በአንድ ፀሐያማ ቀን ይደርቃል፤ ከሥሩ ያለው ብስባሽ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፤ ጥልቁ ደግሞ ከ50 ቀን በላይ። ከ0.5 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ካፊያ ለላይኛው ድርብ እንኳ እንዳልዘነበ ይቆጠራል፤ ለጥልቁ 2.8 ሚሊ ሜትርም አይበቃም። የየድርቡ ድርቀት በቁጥር ይወጣል፤ የዛሬው ቁጥር ከትናንቱ ይነሳል፣ ልክ እንደ ነጋዴ የዱቤ መዝገብ። ይህን የሚሠራ ነጻ ፕሮግራም አለ፤ የቦታውን ኬክሮስ ጭምር ይጠይቃል፣ የቀኑ ርዝማኔ በማድረቁ ላይ ድርሻ አለውና።

እሳት የሚለኩሰው ሰው እንጂ አየር አይደለም የሚል ሙግት ይነሳል። እውነት ነው። በአዊ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ለከሰል ዲከረንስ የተባለ የግራር ዛፍ ይተክላል፤ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ ይከምረዋል፣ በቅጠልና በሣር ሸፍኖ አፈር ያለብሰዋል፣ ይለኩሰዋል። አፈሩ ከተሰነጠቀ አየር ገብቶ ከሰሉ አመድ ይሆናልና ክምሩ ሌት ተቀን ጠባቂ ይሻል። ከዚያች ስንጥቅ የወጣች ፍም በጥቅምት እርጥብ ሣር ላይ ወድቃ ትከስማለች፤ በየካቲት ቀትር፣ ነፋስ ካገኘች፣ የጎረቤትን ዲከረንስ ትይዛለች። ሰውየው ያው፣ ፍሙም ያው፤ የተለየው ቀኑ ነው። ክምሩ ደግሞ ለቀናት ስለሚነድ ለአክሳዩ የሚጠቅመው የዛሬው ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከትንበያ የተሰላው የመጪዎቹ ቀናት ቁጥር ነው።

ለካናዳ ጥድ የተሠራ ልኬት ለእኛ ዲከረንስ እንዴት ይሆናል? የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። ቁጥሩ እንዳለ ይወሰድ አልልም። ስንት ሲደርስ አደገኛ እንደሚሆን የሚታወቀው በየቀበሌው የተነሳ እሳት ተመዝግቦ ከቁጥሩ ጋር ሲተያይ ነው። በሳተላይት የሚታዩ የእሳት ነጥቦች ያግዛሉ፤ ግን የከሰል ክምርን ከሰደድ እሳት መለየት ይቸግራቸዋል፣ የሚናገሩትም እሳቱ ከተነሳ በኋላ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ሲቃጠል ከእስራኤል ድረስ ባለሙያዎች መጥተው ነበር፤ እንዲህ ያለው እርዳታ የሚደርሰው እሳቱ ከገነነ በኋላ ነው። ቀመሩ የማያየው ነገርም አለ፦ በቅርብ ዓመታት ዲከረንሱን ያጠቃው የዝገት በሽታ ያደረቀው፣ ቆሞ የቀረ ዛፍ በየትኛውም የአየር መለኪያ ላይ አይነበብም።

ለስሌቱ የሚሆነው መረጃም ከቅርብ መምጣት አለበት። የዳንግላ የአየር ጠባይ ጣቢያ የሚመዘግበው ለእንጅባራ እንዳለ አይሠራም፤ እንጅባራ በከፍታ ትበልጣለች፣ ትቀዘቅዛለችም። ለባንጃና ለፋግታ ለኮማ ወረዳዎች የየራሳቸው የሙቀት፣ የዝናብ፣ የእርጥበትና የነፋስ መለኪያ ያሻል። የየቀኑ ቁጥር መዝገብ የሚከፈተው ደግሞ ምድር ገና ውኃ በጠገበችበት በጥቅምት ነው፤ በጥር የጀመረ ሰው ጥልቁ ድርብ እስከዚያ ምን ያህል እንደደረቀ አያውቅም።