ለተማሪዎች ስለሚሰጠው የጧት ምግብ

ተማሪን መመገብ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፤ አኮፋዳውን አንግቦ፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም፤ የመንደሩ ባልቴት ከመሶቧ የምትሰጠው ቁራሽ፤ ቅኔውና ዜማው እስከ ዛሬ እንዲደርስ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነው። በዚያ ሥርዓት ከተማሩት አንዳንዶቹ፤ «እኛ በራብ ተምረን ለማዕርግ በቅተናል፤ የዛሬውን ልጅ ቁርስ ማብላት ማሞላቀቅ ነው» ሲሉ ይሰማሉ። ነገሩን በጥሞና ለመረመረው ግን፤ ለማዕርግ የበቁት ስለ ተራቡ ሳይሆን አገሬው ስለ መገባቸው ነው። ቁራሹን አጥቶ፤ ወይም በየደጁ ሲዞር ውሻ ነክሶት፤ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ቤቱ የተመለሰውንማ ማን ቈጠረው?

የከተማ ሕፃን በየደጁ ቆሞ ሊለምን አይገባውም። አባቱ የቀን ሠራተኛ፤ እናቱም ልብስ አጣቢ የሆኑ እንደ ሆነ፤ ጎሕ ሲቀድ ሁለቱም ወደ እንጀራቸው ይሄዳሉ፤ እርሱም በባዶ ሆዱ ከሰሌዳው ፊት ይቀመጣል። እስከ ሦስት ሰዓት መምህሩን ያያል፤ ከዚያ በኋላ ግን ዓይኑ ይፈዛል፤ መምህሩም ሰነፍ ነው ብሎ ይጽፍበታል።

ስለዚህ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ 300 ሺህ ያህል ልጆች የጧትና የቀትር ምግብ መስጠት መጀመሩ፤ ቀድሞ መንደሩ ይሠራው የነበረውን ሥራ ግምጃ ቤቱ መረከቡ ነው። ከዚያ ወዲህም የተመጋቢዎቹ ቍጥር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የዓለም የምግብ ፕሮግራም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በችግር በተጠቁ ወረዳዎች ተማሪዎችን ሲረዳ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ልጁ ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ በሚደርስባቸው በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ዛሬም ምድጃ የለም።

ሆድን መሙላት ብቻም አይበቃም። ዳቦና ሻይ ለጊዜው ያስታግሣል እንጂ ሰውነትን አይገነባም፤ ይልቁንም ሻይ ከምግብ ጋራ ሲጠጣ፤ ሰውነት ከጤፍና ከምስር የሚያገኘውን የብረት ንጥረ ነገር በሚገባ እንዳይቀበል ያግዳል። ቅንጬ፤ ፉል፤ የሽሮ ፍትፍት፤ በፍስክም ቀን እንቁላልና ወተት ይሻላሉ።

ስለ ረቡዕና ስለ ዓርብ የሚጨነቁ ወላጆች አሉ። በቤተ ክርስቲያን ልማድ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ለጾም አይገደድም፤ ከዚያ በላይ ሆኖ ሰዓቱን ሊጠብቅ ለሚወድም ድርሻው ተቀምጦለት በኋላ ሊሰጠው ይቻላል። ካህናቱ ይህን ከርእሰ መምህራኑ ጋራ መክረው ቢያስታውቁ፤ ልጁ በወላጁና በትምህርት ቤቱ መካከል ባልተጨነቀ ነበር።

በጀት የሚያዘጋጁ ባለሥልጣኖችም ከእህሉ ጋራ ውሃውንና ማገዶውን ሊያስቡ ያስፈልጋል። ምድጃው ከንጋቱ 11 ሰዓት ካልነደደ ቁርሱ ከደወሉ በፊት አይደርስም፤ ከደወሉ በኋላ የመጣ ቁርስ ደግሞ የመጀመሪያውን ትምህርት ይነጥቃል። ምግቡን የሚያበስሉት አብዛኞቹ ከችግረኛ ቤት የመጡ እናቶች ናቸው፤ የወር ደመወዛቸው እየዘገየባቸው በዚያ ሌሊት እንዲነሡ መጠበቅ አይቻልም።