ለምጽ አይተላለፍም፤ ከሰው አይራቁ

ከጎፋ መብራት ኃይል ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጠዋል እንበል። ረዳቱ መልስ ሲሰጥዎት ዓይኑ እጅዎ ላይ ባለው ነጭ ቦታ ላይ ያርፋል። አጠገብዎ ያለችው ተሳፋሪ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ መስኮቱ ትጠጋለች። ክፉ ቃል የተናገረ የለም። እርስዎ ግን በማግስቱ፣ ፀሐዩ እየከረረም ቢሆን፣ እጅጌው ረጅም ልብስ ለብሰው ይወጣሉ። ቀስ በቀስ ከጎረቤት ቡና፣ ከሠርግና ከማኅበር መቅረት ይጀምራሉ።

ለምጽ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም። ሰውን የሚጎዳው እንዲህ ያለው መነጠል ነው።

ለምጽ የሚከሰተው የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት ለቆዳ ቀለም የሚሰጡ ሕዋሳትን በስህተት ሲያጠቃ ነው። እርግማን ወይም የንጽሕና ጉድለት አያመጣውም። በመጨባበጥ፣ ከአንድ መሶብ በመብላት ወይም ልብስ በመዋዋስ አይተላለፍም። ከ0 ነጥብ 5 እስከ 2 በመቶ የሚሆነው የዓለም ሕዝብ ለምጽ እንዳለበት ይገመታል። ታዋቂው ድምፃዊ ማይክል ጃክሰንም አንዱ ነበር፤ እርሱ ያረፈበት ሰኔ 18 ቀን የዓለም የለምጽ ቀን ሆኖ በየዓመቱ ይታሰባል።

በአገራችን ፍርሃቱን የሚያባብሰው ለምጽንና ሥጋ ደዌን አንድ አድርጎ ማየት ነው። በሥጋ ደዌ የተጠቃ የቆዳ ክፍል ብዙውን ጊዜ ይደነዝዛል፤ ለምጽ ያለበት ቆዳ ግን ስሜቱን አያጣም። ሥጋ ደዌም ቢሆን ዛሬ በመድኃኒት ይድናል። ይሁን እንጂ ራስዎ ከመወሰን ይልቅ የቆዳ ሐኪም ቢያዩ ይመረጣል። ለጎፋ ነዋሪዎች ብዙም በማይርቀው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል።

የሚያቃጥሉ ቅጠላ ቅጠሎችን አይቀቡ። የቆሰለ ቆዳ ላይ አዲስ ለምጽ ሊወጣ ይችላል። ነጩ ቦታ በፀሐይ ቶሎ ስለሚቃጠል ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ ይያዙ። በቅባትና በብርሃን የሚሰጠው ሕክምና ቀለሙን ሊመልስ ቢችልም ወራት ይፈጃል። ፊት ላይ ያለው በአብዛኛው ቶሎ ለውጥ ያሳያል፤ የጣት ጫፍና ከንፈር ግን ያስቸግራሉ። ስለዚህ «ቆዳዬ ሲስተካከል ከሰው እቀላቀላለሁ» ብለው ኑሮዎን በቀጠሮ አያቆዩ።

ለሚጠይቅዎት ሰው አጭር መልስ ያዘጋጁ። «ለምጽ ነው፤ አይተላለፍም» ብለው ወደ ጨዋታዎ ይመለሱ። ማብራራት ባልፈለጉበት ቀን ዝም ማለትም መብትዎ ነው። መመለሱ ከከበደዎት ከአንድ ከሚያምኑት ጎረቤት ቡና ይጀምሩ። ልጅዎ ከሆነ ለመምህሩ አስቀድመው ይንገሩ፤ የክፍል ጓደኞቹ እውነቱን ከትልቅ ሰው ይስሙ። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሳዎት፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ።

ለምጽ የሌለብዎት አንባቢም ድርሻ አለዎት። መድኃኒት ከመጠቆምዎ በፊት እጅዎን ዘርግተው ሰላም ይበሉ። ታክሲ ውስጥ ከጎኑ ያለው ቦታ ክፍት ከሆነም ገብተው ይቀመጡ።