ዕውቀትም እንደ ሸቀጥ ቆጠራ ይሻል

ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የበጀት ዓመቱ በሰኔ 30 ሲያልቅ የመጋዘን በር ተዘግቶ ዕቃ ይቆጠራል። ዓመቱን ሙሉ ሲገዛና ሲሸጥ የቆየ ሰው ገበያው ስለ ደራለት ብቻ ያተረፈ ይመስለዋል፤ እውነቱን የሚነግረው ግን የቆጠራው መዝገብ ነው። በመዝገብ አለ የተባለው ከመደርደሪያው ሲታጣ፣ ተረስቶ የኖረውም ከጥግ ሲገኝ፣ ነጋዴው የመጪውን ዓመት ዕቅድ የሚያቆምበት መሠረት ያገኛል። በትምህርት ረገድ ግን እንዲህ ያለ ቆጠራ የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። ብዙ ሰው የተማረበትን ዘመንና የተቀበለውን የምስክር ወረቀት ይቆጥራል እንጂ፣ በትምህርቱ ምን ለመሥራት እንደ ቻለ አይቆጥርም።

በመርካቶ በአንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሠራተኞች ማሠልጠኛ ኀላፊ የሆኑ አንዲት ወይዘሮ፣ በዲጂታል ትምህርት የሁለተኛ ዲግሪ ለማግኘት በኢንተርኔት መማር ከጀመሩ አንድ ዓመት ሞላቸው። ትምህርቱ ሁለት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ እኩሌታ የቻለው ድርጅቱ ነው። ቀን በሥራ ውለው፣ ማታ ልጆቻቸውን ካስተኙ በኋላ ኮምፒዩተራቸውን ይከፍታሉ። መብራት በጠፋ ጊዜ በስልካቸው ያነባሉ፤ ኔትዎርክ በደከመ ጊዜ ደግሞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተው የቤት ሥራቸውን ይልካሉ።

ከቦታ ርቆ መማር አዲስ ነገር አይደለም። ስመ ጥሩው የእንግሊዝ አጭር ጽሕፈት መምህር አይዛክ ፒትማን፣ እ.ኤ.አ. በ1840 የአገሪቱ የደብዳቤ መላኪያ ዋጋ ወደ አንድ ፔኒ ዝቅ ባለ ጊዜ፣ ትምህርቱን በፖስታ ይልክ ጀመር፤ ተማሪዎቹ ሠርተው የሰደዱለትንም አርሞ ይመልስላቸው ነበር። የለንደን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1858 በየትም ስፍራ ያጠና ሰው ለዲግሪ እንዲፈተን ፈቀደ። የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1946 በመልእክት ልውውጥ ማስተማር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የእንግሊዝ ኦፕን ዩኒቨርሲቲም በ1971 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ተቀብሎ፣ ከመጻሕፍትና ከደብዳቤ ሌላ ሬዲዮንና ቴሌቪዥንን ለትምህርት አዋለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኮርሴራና ኢዲኤክስ በተከፈቱ ጊዜ የታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት በኢንተርኔት በየቤቱ ገባ። መሣሪያው በየዘመኑ ሲለወጥ የኖረ ቢሆንም፣ የፒትማን ሥራ ፍሬ ነገር አልተለወጠም፤ ይኸውም ትምህርት የሚባለው የተላከው ብቻ ሳይሆን ታርሞ የተመለሰውም ነው።

ወይዘሮዋ ይህን ቁም ነገር የተረዱት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኪሣራ ነው። ትምህርታቸውን ሲጀምሩ ዲጂታል ትምህርት ማለት የመሣሪያ ጥበብ መስሏቸው ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው መንፈቅ ተንቀሳቃሽ ምስል ማንሣትና ማቀናበር እንደ ተማሩ፣ ስለ ዕቃ ገቢና ወጪ አመዘጋገብ የ40 ደቂቃ ትምህርት በራሳቸው ድምፅ አዘጋጅተው ለ26 የመጋዘን ሠራተኞች በስልክ ላኩ። ምስሉ ያማረ፣ ድምፁም የጠራ ነበር። ይሁን እንጂ በወሩ መጨረሻ ሲታይ ትምህርቱን እስከ ፍጻሜው የተከታተሉት 4 ሰዎች ብቻ ሆነው ተገኙ። የድርጅቱ ባለቤትም «ገንዘቡ የት ገባ?» ብለው ጠየቁ።

በዚህ የትምህርት ዘርፍ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን አካሄድ የሚመረምርበት ማስታወሻ እንዲጽፍ ይገደዳል። ወይዘሮዋ በዚያ ሳምንት የጻፉት ገጽ በቍጣ የተሞላ ነበር፤ ሠራተኞቹን ሰነፎች፣ ኔትዎርኩንም ደካማ ብለው ከሰሱ። መምህራቸው ጽሑፉን አንብበው የመለሱላቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይህን ትምህርት ከማዘጋጀትዎ በፊት መጋዘን ውስጥ ስንት ቀን ተቀመጡ የሚል። መልሱ አንድም ቀን አለመቀመጣቸው ነበር።

በመላው ዓለም የታወቀው የትምህርት ዝግጅት ሥርዐት አምስት ደረጃዎች አሉት፤ እነዚህም ችግሩን ማጥናት፣ መንደፍ፣ ማዘጋጀት፣ በሥራ ላይ ማዋልና ውጤቱን መመዘን ናቸው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1975 በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት የተዘጋጀ ሥራ ነው። ወይዘሮዋ እነዚህን ደረጃዎች በፈተና ላይ በቃላቸው ጽፈው ሙሉ ማርክ አግኝተዋል፤ በሥራቸው ግን የመጀመሪያውን ዘለው ከሦስተኛው ጀምረው ኖሯል። ዕውቀቱ በመዝገብ አለ፤ በመደርደሪያ ላይ ግን የለም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን መጋዘን ውስጥ ዋሉ። ያዩትም ነገር ከጠበቁት የተለየ ሆነ። የሠራተኞቹ ስልክ የ40 ደቂቃ ምስል ለመያዝ ቦታ አልነበረውም፤ ለኢንተርኔት የሚከፈለውም ከራሳቸው ኪስ ነው። ከዚህም በቀር ብዙዎቹ አመዘጋገቡን ያውቁታል። ስሕተቱ የሚፈጠረው ጭነት በማታ ሲራገፍ ነው፤ የዕቃው ቢን ካርድ የሚሰቀለው በመጋዘኑ በስተኋላ፣ ብርሃን በሌለበት ስፍራ ስለ ሆነ፣ የገባው ዕቃ በማግስቱ በግምት ይጻፋል። እንዲህ ያለው ጉድለት በትምህርት ብቻ የሚቃና አይደለም።

በሁለተኛው መንፈቅ ሥራው እንደ ገና ተጀመረ። አስቀድሞ ካርዶቹ ወደ በሩ ቀርበው አምፖል ተደረገላቸው። ረጅሙ ምስል ከ4 ደቂቃ በማይበልጡ የድምፅ ትምህርቶች ተከፋፈለ፤ ሠራተኞቹም ከራሳቸው ገንዘብ ሳያወጡ በድርጅቱ መሥመር ወደ ስልካቸው እንዲያወርዱት ተደረገ። ከእያንዳንዱ ትምህርት ቀጥሎ ሠራተኛው አንድ እውነተኛ ሰነድ ሞልቶ ፎቶግራፉን ይልካል፤ በሥራው የሸመገሉ አንድ የመጋዘን ጠባቂም አርመው ይመልሱለታል። ማይክል ሙር የተባሉት ሊቅ በተማሪና በመምህር መካከል ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካ ሳይሆን በመግባባት ማነስ የሚፈጠር መሆኑን ያስተማሩትን፣ ወይዘሮዋ በዚህ ሥራ አረጋገጡ። እርሳቸውና ሠራተኞቹ በአንድ ግቢ እየዋሉ ተራርቀው ኖረዋልና።

በዚህ ዐይነት 19 ሠራተኞች ትምህርቱን ጨረሱ። በሰኔ 30 ቆጠራም በመዝገብና በመደርደሪያ መካከል ያለው ልዩነት ካለፈው ዓመት አነሰ። ይሁን እንጂ ወይዘሮዋ በማስታወሻቸው ላይ ይህን ውጤት ሁሉ ለትምህርቱ አልሰጡትም። ካርዶቹም ስፍራ ስለ ለወጡ፣ ከመሻሻሉ የትኛው የትምህርቱ፣ የትኛው የአምፖሉ እንደ ሆነ ለይቶ መናገር እንደማይቻል ጻፉ።

በሐምሌ ወር የሁለተኛውን ዓመት ክፍያ ለመጠየቅ ወደ ባለቤቱ ቢሮ ሲገቡ የማርካቸውን ወረቀት ብቻ ሊያቀርቡ ይችሉ ነበር፤ ማርካቸው ደኅና ነውና። እርሳቸው ግን ማስታወሻውን ሙሉውን አቀረቡ። ሽማግሌው ነጋዴ መነጽራቸውን አድርገው የ4ቱን ሰዎች ገጽ ካነበቡ በኋላ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ይህን ለምን አልደበቅሽውም?» አሉ።

«ጋሼ፣ የጎደለ ዕቃ በቆጠራ ካልተጻፈ በሚመጣው ዓመት ተመልሶ ይጎድላል» ሲሉ መለሱላቸው።

ነጋዴው ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ክፍያውን ፈቀዱ፤ ነገር ግን የሚቀጥለው ትምህርት ለገንዘብ ተቀባዮች እንዲሆን፣ ከመጀመሩም በፊት ወይዘሮዋ አንድ ሳምንት ከገንዘብ ተቀባዮቹ አጠገብ እንዲቀመጡ አዘዙ። የመጀመሪያው ደረጃ ምን እንደ ሆነ እርሳቸውም ተምረው ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ብዙ የንግድ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን በኢንተርኔት ለማሠልጠን ገንዘብ ያወጣሉ፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም የተላከው ትምህርት ብዛትና የተሰጠው የምስክር ወረቀት ቍጥር የገበያው ግርግር እንጂ ትርፉ አይደለም። «ያልተገላበጠ ያራል» እንደሚባለው፣ ተማሪም አሠሪም የተማሩትን እያገላበጡ ሊያዩት ይገባል። ለዚህም የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና፣ የጎደለውን ጎደለ ብሎ ለመጻፍ የሚደፍር እጅ ነው።