ቁስለኛን እንዴት እናነጋግር?

ባለፈው ዓመት በኳስ ሜዳ አንድ ጓደኛችን ወድቆ ክንዱን ቆርቆሮ ቈረጠው። የመጀመሪያ ርዳታ የተማርሁ እኔ ነበርሁና ሮጬ ደረስሁ፤ ነገር ግን ደሙን ባየሁ ጊዜ «ጉድ ፈላ!» ብዬ ጮኽሁ። ልጁ ከቁስሉ ይልቅ በጩኸቴ ደነገጠ፤ «ልሞት ነው ወይ?» ቢለኝም መልስ አጣሁ።

ርዳታ ሰጪ አጠገቡ ተንበርክኮ ስሙን ይነግረዋል፤ የቁስለኛውንም ስም ይጠይቃል። አጥርቶ ከመለሰ እንደሚተነፍስና ራሱን እንዳልሳተ ይታወቃል። ከዚያም «አሁን ቁስሉን እጫነዋለሁ፤ ያምሃል» ብሎ አስቀድሞ ነግሮ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ ይጫናል፤ ሌላው ልጅ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውላል። ጨርቁን እየገለጡ ማየት (እኔ ሦስት ጊዜ ገልጫለሁ) የረጋውን ደም መልሶ ያፈሰዋል።

ለወደቀ ሰው ውሃ ማጠጣት ልማዳችን ነው፤ ራሱን የሳተ ሰው ግን ሊታነቅበት ይችላል። «ምንም አልሆንህም» ማለትም አይረዳም፤ ቁስለኛው ደሙን ያያል። «ደሙን ይዤልሃለሁ፤ አምቡላንስ ተጠርቷል፤ ካጠገብህ አልሄድም» ማለት ነበረብኝ።