የካሜራ ንዝረትና የቀጨኔ ሸክላ የቅርብ ፎቶግራፍ

በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ የምትገኘው ቀጨኔ በሴቶች እጅ በሚሠሩ ጀበናዎችና ድስቶች የታወቀች ሰፈር ናት። የሸክላ ሠሪዋ ጥበብ በሚገባ የሚታየው ከቅርብ ሲሆን፣ ጭቃው ያለ መዘውር በእጅ ስለሚበጅ የጣት ዱካ፣ የመወልወያ ድንጋይ ጭረትና የጢስ ጥቁረት በዕቃው ገላ ላይ ይቀራሉ። እነዚህን ጥቃቅን ምልክቶች በፎቶግራፍ መዝግቦ ለማቆየት ግን አስቀድሞ የካሜራ ንዝረትን፣ ማለትም የካሜራው መዝጊያ (ሻተር) ተከፍቶ ብርሃን በሚያስገባበት ቅጽበት ካሜራው በመነቃነቁ የሚመጣውን የምስል መደብዘዝ፣ መከላከል ያስፈልጋል።

ችግሩ በቅርብ ፎቶግራፍ የሚብሰው በሦስት ምክንያቶች ነው። ዕቃው በምስል መቀበያው (ሴንሰር) ላይ በትክክለኛ መጠኑ፣ ማለትም በ1 ለ1 ልክ ሲያርፍ፣ ካሜራው ወደ ጎን 0.1 ሚሊሜትር ቢንሸራተት ምስሉም ያንኑ ያህል ይንሸራተታል፤ በ100 ሚሊሜትር ሌንስ ከ2 ሜትር ርቀት ሲነሣ ግን የዚህ ሃያኛ ገደማ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ በ1 ለ1 መጠን ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ስለሚወርድና የጀበናውን ክብ ገላ በሙሉ አጥርቶ ለማሳየት የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ ግድ ስለሚሆን፣ መዝጊያው ረዘም ላለ ጊዜ መከፈት ይኖርበታል።

በእጅ ለሚያነሣ ሰው የመዝጊያው ጊዜ በሌንሱ የትኩረት ርዝመት ልክ፣ ለ100 ሚሊሜትር 1/100 ሰከንድ ይሁን የሚለው የተለመደ መመሪያ እዚህ አይበቃም። በሌንሶች ውስጥ የሚገኘው የንዝረት ማረጋጊያም ቢሆን ዕቃው በቀረበ ቁጥር ይደክማል፤ ካኖን በ2009 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ባለ100 ሚሊሜትር የቅርብ ሌንስ ጎንዮሽ መንሸራተትንም እንዲያርም ተደርጎ የተሠራው በዚሁ ምክንያት ነበር። ፍላሽ ብልጭታው እጅግ አጭር ስለሆነ ንዝረቱን ይሰውራል፤ ዳሩ ግን ከፊት ለፊት ሲበራ በተወለወለው ጥቁር ገላ ላይ እያንጸባረቀ ጭረቱን ያጠፋል።

ሸክላ ግን እንደ ንብ ወይም እንደ አበባ የማይንቀሳቀስ በመሆኑ ፍጥነትን ማሳደድ አያስፈልግም። ካሜራው በባለሦስት እግር መቆሚያ (ትራይፖድ) ላይ ከተተከለ፣ የመቆሚያው መካከለኛ ምሰሶ ካልተመዘዘና መዝጊያው በእጅ ሳይሆን በ2 ሰከንድ የጊዜ መቁጠሪያ ከተለቀቀ፣ ከጎን በሚገባ የመስኮት ብርሃን አንድ ሰከንድ የሚፈጅ ፎቶግራፍ እንኳ ጥርት ብሎ ይወጣል። ባለመስታወት ካሜራ ከሆነ የመስታወቱ መነሣት ራሱ ስለሚያነዝር መስታወቱን አስቀድሞ ማንሣት ይበጃል።

የተገኘው ምስል ከደበዘዘ መንስኤውን መለየት ይቻላል፤ ሁሉም ነጥብ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጎተተ ንዝረት ነው፤ የጀበናው አንገት ጠርቶ ሆዱ ብቻ ከደበዘዘ ግን ጥፋቱ የትኩረት ነውና መቆሚያ መለወጥ አይፈይድም።