ዋርድና ቀበሌ፦ የሕክምና ተማሪ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ ከደሴ በስተምዕራብ በደቡብ ወሎ ደጋ ላይ የተቆረቆረችና ከእርሷ ባሻገር ምድሩ እየተቆራረሰ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድባት ከተማ ናት። እንዲህ ባለ አገር ደጋውና ቆላው ሳይራራቁ ስለሚገኙ ሕመሙም እንደ ምድሩ ይለያያል፤ በቆላው ወባ፣ ብርድ ሰውን በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያሰባስብበትና ልብስ ቶሎ ቶሎ በማይታጠብበት ደጋ በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና ግርሻ፣ ውኃ በራቀበት መንደር ደግሞ ዓይንን ቀስ በቀስ የሚያጠፋው ትራኮማ ይፈራሉ። ከሩቅ ቀበሌ ተነሥቶ ሆስፒታል የሚደርስ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ሕመሙ ከጸና በኋላ በመሆኑ፣ ትምህርቱን በአልጋ አጠገብ ብቻ የሚከታተል የሕክምና ተማሪ የበሽታውን መጨረሻ እንጂ መነሻውን አያይም።

ተማሪው በሆስፒታል የሚያሳልፈው ጊዜ በተለምዶ አታችመንት የሚባል ሲሆን፣ በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት እንዲሁም በማሕፀንና ጽንስ ክፍሎች በየተራ እየተዘዋወረ የሚሠለጥንበት ነው። ቀኑ ሌሊት ተረኛ የነበሩት የተቀበሏቸውን ሕመምተኞች በሚያቀርቡበት የጠዋት ስብሰባ ይጀምራል፤ መምህሩ ከአልጋ አልጋ እያለፈ የሚጠይቅበት ራውንድ ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ መዝገብ መጻፍ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ማሳደድና ለነገው ገለጻ መዘጋጀት ይቀራሉ፤ በየጥቂት ቀኑም እስከ ንጋት የሚዘልቀው የተረኝነት ሥራ፣ ተማሪዎቹ ዱቲ የሚሉት፣ ይመጣል። በዚህ ሁሉ ላይ የማኅበረሰብ ጤና ሥራ ሲጨመር ከምን ላይ ተቀንሶ ይሠራል የሚለው ጥያቄ የተማሪው የግል ጭንቀት ብቻ ሳይሆን የአገሪቱ የሕክምና ትምህርት ጥያቄም ነው።

የማኅበረሰብ ጤና ሥራ ሲባል ተማሪዎች ወደ መንደር ወጥተው ምክር ሰጥተው የሚመለሱበት ጉዞ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ በሥርዓት ሲካሄድ ግን ሐኪም ለአንድ ሕመምተኛ የሚያደርገውን ለአንድ ቀበሌ ማድረግ ማለት ነው። ሐኪሙ የሕመሙን ታሪክ እንደሚጠይቅ፣ ተማሪዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ የቤተሰቡን ቁጥር፣ የውኃውን ምንጭ፣ የመጸዳጃ ቤቱን ሁኔታ፣ የልጆቹን ክትባትና የእናቶቹን የወሊድ ቦታ ይመዘግባሉ፤ እርሱ ምርመራ እንደሚያዝዝ፣ እነርሱ የጤና ጣቢያውን መዝገብ ያገላብጣሉ፤ እርሱ ለሕመሙ ስም እንደሚሰጥ፣ እነርሱም ያገኟቸውን ችግሮች በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ። ለቅደም ተከተሉ በኢትዮጵያ የተለመዱት መመዘኛዎች አምስት ናቸው፤ የችግሩ ስፋት፣ ክብደቱ፣ በእጅ ባለው አቅም የመፈታት ዕድሉ፣ የኅብረተሰቡ ሥጋትና የመንግሥት ትኩረት ሲሆኑ፣ ለእያንዳንዳቸው እስከ 5 ነጥብ ተሰጥቶ ድምሩ ከ25 ይታሰባል። ከአምስቱ ውስጥ ሊዘለል የሚችል የሚመስለውና መዘለል የሌለበት አራተኛው ነው፤ ተማሪው መጸዳጃ ቤት ይቅደም ሲል፣ ነዋሪው ግን በበጋ ምንጩ ስለሚደርቅ ስለ ውኃ የሚናገር ከሆነ፣ ቀድሞ መደመጥ ያለበት ነዋሪው ነውና።

የዚህ አሠራር ሥር በኢትዮጵያ የሚገኘው በጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ፣ በዓመቱ በ1954 የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በመተባበር የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅን አቋቋመ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ጎን ለጎን ካሠለጠነ በኋላ በቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልካቸው ነበር፤ አንዱ ሲያክም፣ ሌላዋ እናቶችን ስትከታተል፣ ሦስተኛው የምንጩን ንጽሕና ሲመረምር፣ አንዱ የሌላውን ሥራ እያየ ይማር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የሐኪሞች ሥልጠና በዚያው በጎንደር ሲጀመር ይህ ልማድ ጠብቆት ነበር፤ ዛሬም በመጨረሻው ዓመት የሚገኙ የልዩ ልዩ ጤና ሙያ ተማሪዎች በአንድ ጤና ጣቢያ አብረው እየኖሩ የሚሠሩበት የቡድን ሥልጠና፣ በተማሪዎች አነጋገር ቲቲፒ፣ የዚያ ትውልድ ውርስ ነው።

ጅማ እ.ኤ.አ. በ1983 የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱን ስትከፍት አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች፤ ማኅበረሰቡን የትምህርቱ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ልምምድ ሳይሆን ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ የሚሠራበት መሠረት አደረገችው። ተማሪዎች በየዓመቱ ለተወሰኑ ሳምንታት ወደ ኅብረተሰቡ እየወጡ በአንዱ ዓመት ያጠኑትን በሌላው ያቅዳሉ፣ ያቀዱትን ይፈጽማሉ፣ የፈጸሙትን ይመዝናሉ። ሐሳቡ በአፍሪካ ምድር ቀደም ያለ ታሪክ ያለው ሲሆን፣ ሲድኒና ኤሚሊ ካርክ የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች በደቡብ አፍሪካ ፎሌላ በተባለች ገጠር እ.ኤ.አ. በ1940 የከፈቱት ጤና ጣቢያ ቤት ለቤት ጥናትንና ሕክምናን ያጣመረ ነበር።

የጎንደርና የጅማ ልምድ ከሚያስተምረው ሁሉ የሚበልጠው የቀን መቁጠሪያው ጉዳይ ነው። በሁለቱም ዘንድ የማኅበረሰብ ሥራ የራሱ ሳምንታት ተቆርጠውለታል፤ ተማሪው በእነዚያ ሳምንታት ዱቲ የለበትም፣ ራውንድም አይጠብቀውም። ሥራው ከዋርዱ ጎን ለጎን፣ በቅዳሜና በእሑድ ወይም ከተረኝነት በኋላ በሚተርፍ ሰዓት እንዲሠራ ሲተው ግን የሚሸነፈው ሁልጊዜ ቀበሌው ነው፤ ምክንያቱም በዋርዱ ያልተከታተሉት ሕመምተኛ በማግሥቱ ጠዋት በመምህሩ ፊት ያስጠይቃል፣ ያልተጎበኘ ቤት ግን ማንንም አያስጠይቅም። ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ያደረ ወጣት የመጠይቅ ቅጹን በችኮላ ቢሞላ የሰነፍ ስም ሊሰጠው አይገባም፤ አንዱን ሰዓት ለሁለት ሥራ ያዋለው መርሐ ግብር ነው መታረም ያለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ተከፍተው የተማሪው ቁጥር ከጨመረ ወዲህ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ብዙ ተማሪ በጥቂት ጤና ጣቢያዎች ላይ ሲፈስ አስተናጋጁም ይሰለቻልና።

እንደ ቦረና ባለ ወረዳ የተለየ ዕውቀትም ይጠየቃል። ክረምት ወንዞችን ሲሞላና አጨዳ ሰውን ከቤት ሲያወጣ ቤት ለቤት የሚደረግ ቆጠራ ይጓደላል፤ ስለዚህ የመስክ ሳምንታቱ ከገበሬው ዓመት ጋር እንጂ ከዩኒቨርሲቲው የፈተና ጊዜ ጋር ብቻ ሊስማሙ አይገባም። በወሎ የቀብርና የመረዳጃ ማኅበር ቅሬ ይባላል፤ ሕመምተኛን በወሳንሳ ተሸክሞ መንገድ የሚያደርሰው የመንደሩ ሰው ነውና፣ የትኛው ቀበሌ ከአምቡላንስ መንገድ ምን ያህል እንደሚርቅ ከማንም በላይ የሚያውቁት የቅሬው አባላት ናቸው። ቡድኑ እነርሱን ካልጠየቀ ምጥ የጠናባት እናት ለምን እንደዘገየች ከመዝገብ ሊያነብ አይችልም፤ መዝገቡ የደረሰችበትን ሰዓት እንጂ የተነሣችበትን አይጽፍም።

ከቅሬው ቀጥሎ የምትጠየቀው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ይህ መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ የታሰበ ሲሆን፣ አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው እንዲያገለግል ተደርጎ ተነድፏል። ተማሪዎቹ መጥተው ይሄዳሉ፤ እርሷ ግን ከዚያ በኋላም በዚያው መንገድ ትመላለሳለች። ብዙ ጊዜ የጥናቱ ሪፖርት በዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ቀርቦ፣ ነጥብ ተሰጥቶበት በዚያው ይቀራል፤ ቅጂው በጤና ኬላው መዝገቦች መካከል ቢቀመጥ ግን በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ቡድን ቤቶቹን ከአንድ ብሎ ሳይቆጥር፣ አምና የተጠረገው ምንጭ ውኃ መስጠቱን፣ አጥሩ መቆሙንና ጠባቂ የተባለው ሰው አሁንም መጠበቁን በማየት ሥራውን ይጀምራል።